የእመት ሐድሪያ ዋስ

ጃንዋሪ 29፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሟ አዝዛኝ ነው። ጤና ጣቢያችን አዲስ የመጣችው፣ የሰሜን ልጅ። ጆሮዬን በባትሪ አየች፣ ደም ግፊቴን ለካች፣ ዓይኔን አስጨፍና በአንድ እግር አቆመችኝ። አልወደቅሁም።

«ምንም የለብዎትም አባባ ቲጃኒ» አለችኝ።

«ታዲያ የሚያዞረኝ ምንድን ነው?»

«እሱን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። ደብተር ይያዙ። ማዞር ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ምን ሲሠሩ ነበር፣ ይጻፉት። ዛፎቹን አጋብተው ሲጨርሱ ይዘውልኝ ይምጡ።»

ሥራዬን ማወቋ ደስ አለኝ። የት የት እንደሚያዞረኝ ስትጠይቀኝ «ከፍ ያለ ቦታ» አልኳት። «ማንኛውም ከፍ ያለ ቦታ?» አለች። «ማንኛውም» አልኩ። ልክ አይደለም፤ ግን አንዲትን ዛፍ ሐኪም ፊት በስም ጠርቶ መክሰስ ነውር ነው።

የተምር ዛፍ ወጪ ነኝ። አባቴም ይኸው ነበር። ዕድሜዬን ዛፍ ላይ ነው የጨረስኩት፤ የወረድኩት ለመብላት፣ ለመተኛትና አንድ ጊዜ ለማግባት ነው።

ዛሬ ማዞር የለም። ዛፍ አልወጣሁም።

ጃንዋሪ 31

ማዞር የለም። ብርድ ነበር፣ አልወጣሁም።

ፌብሯሪ 3

ማዞር የለም። ሳልሃ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። የሐኪም ትእዛዝ ነው አልኳት።

«የፍቺ ወረቀት እንዳይሆን ብቻ» አለች፣ ባቄላዋን እየለቀመች። ሚስቴ ስትቀልድና ስታመርር ፊቷ አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞልቶናል፣ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

ፌብሯሪ 8፣ ዓርብ

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዛቻው ነበር።

እመት ሐድሪያ በሐጂ ሸድሊ አትክልት ውስጥ ካሉት የተምር ዛፎች ሁሉ ረጅሟ ናት። የተከሏት የሐጂ እናት ናቸው፣ ሐጂን በወለዱበት ዓመት። ሴትዮዋ ሲሞቱ ስማቸው ለዛፏ ተላለፈ፣ «እመት» የሚለውም አብሮ። ሐጂ አትክልቱን ከአባታቸው ወረሱ፣ እኔ ሥራውን ከአባቴ። እመት ሐድሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍሬ አልሰጠችም።

እኛ ዘንድ ያላፈራች ዛፍ ይዛትባታል። ባለቤቷ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል፣ ይሰድባታል፣ በመጥረቢያው ጀርባ ግንዷን ሦስቴ ይመታታል። አንድ ሰው ከመሃል ይገባና ዋስ ይሆናታል። እሷ ሰምታ ትደነግጣለች፣ በዓመቱ ታፈራለች። ሰዉ ሲበተን ማንም ዘወር ብሎ አያያትም። የተዋረደን ፊት ማየት ደግ አይደለም፤ ብቻዋን ትተዋት ትሄዳለህ።

አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ነው፣ ይሳቃል። ዛሬ ግን ሐጂ መጥረቢያውን አስለው ነበር የመጡት።

«በቃኝ! ሁለት ዓመት ውሃዬን ጠጣሽ። ጥላሽን እንኳ የምትጥይው ጎረቤት አጥር ውስጥ ነው» አሏት። መቷት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ይተዋት ሐጂ» አልኩ፣ እንደ ደንቡ። «በእኔ ዋስትና። ዘንድሮ ታፈራለች።»

«ባታፈራስ?»

የደንቡ መልስ «ዋሷን ይጠይቁ» ነው። እሱን አልኩ። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ሐጂ ግን አልሄዱም።

«እጠይቃለሁ። ባታፈራ በሜይ ወር አናቷ ይከፈትና ለግሚዋ ይወጣል። አናቷን የምትከፍተው አንተ ነህ።»

ለግሚ የተምር ዛፍ ውሃ ነው። አናቷን ከፍተህ ማሰሮ ታንጠለጥላለህ፤ ጠዋት ማር ነው፣ ማታ ያሰክራል። ሁለት ወር ታፈስልሃለች። ከዚያ ቆማ ትደርቃለች።

ላዝሃር አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱም እንደኔ ዛፍ ወጪ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው አትክልት የሱ ነው፤ ለግሚ የሚያወጣውም እሱ ነው። «እንግዲህ ማሰሮዬን ልጠብ ወይስ ልቆይ?» አለ።

«ቆይ» አልኩት።

«ማጠቡ አይከፋም» አለ።

ዘወር ሳንል ሄድን። ማዞር የለም። መሬት ላይ ነበርኩ።

ፌብሯሪ 9

ሳልሃ ዋስ መሆኔን ገበያ ውስጥ ሰምታ መጣች።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለች።

«አህያው ማን ነው?»

«ተረት ነው የተረትኩት።»

ለምን እንዳላፈራች እዚህ ልጻፈው፣ ሐኪሟም ትወቀው። የተምር ዛፍ ሴትም ወንድም አላት። በጸደይ ወንዱ ላይ ወጥተን አበባውን እንቆርጣለን፣ ከዚያ እያንዳንዷ ሴት ላይ ወጥተን ከአበባዋ መሃል እናስርላታለን። ይህን ነው ማጋባት የምንለው። ካልወጡላት አታፈራም፣ ቁርጥ ነው። እመት ሐድሪያን ሁለቱን ዓመት ያበላሻት ነፋስ ነው። የወንዱን አበባ ዱቄት ወሰደው። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ አፍርተዋል፣ አውቃለሁ፤ እነሱ አጫጭር ናቸው።

ፌብሯሪ 20

እሾህ መመልመል ጀመርን። ከማጋባት በፊት የዘንባባውን እሾህ ካልመለመልክ ፊትህን ትሰጣለህ። ላዝሃር ያግዘኛል፣ እኔ ደግሞ በተራዬ የሱን አግዛለሁ። እንዲህ ነው የቆየነው።

ዛሬ «ኩርፊቷ» የምንላትን ዛፍ ሠራሁ። ኩርፊቷ ዓመት እየዘለለች ነው የምትሰጠው፤ ዓመቱን ያበላሸህባት እንደሆነ ሁለት ትዘላለች። «ደህና አደርሽ?» ሳይሏት ማጭድ ማስገባት አይቻልም፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። እሾኋ አንዴ ብቻ ነው የወጋኝ፣ እሱም ሳልሃን ለማግባት ስቸኩል።

ላዝሃር ያነክሳል። ምን ሆንክ ስለው «ጫማው ነው» አለ።

«ባዶ እግርህን አይደለህ እንዴ?»

«የትናንቱ ጫማ» አለ።

ማዞር የለም። ኩርፊቷ ከቤት ጣሪያ አትበልጥም።

ማርች 7

የወንዶቹ ዛፎች አበባ ተከፈተ። ሽታው መንደሩን ሞላው። ምን ምን እንደሚሸት ያገባ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም፤ ሴቶቹ በዚህ ሰሞን መስኮት ይዘጋሉ፣ እየሳቁ።

ማዞር የለም።

ማርች 14

ማጋባት ጀመርን። ኩርፊቷን፣ መንትዮቹን፣ ጎባጣዋን። የሴቷ አበባ ሰገባ ሲሰነጠቅ ከውስጡ ያለው አበባ ነጭ ነው፣ ገና ዓይን ያላየው። የወንዱን ዝንጣፊ ገልብጠህ ከመሃል ታስገባና በቅጠል ታስረዋለህ፣ ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ። «በሉ፣ ተከባበሩ» ትላለህ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚለው፤ እኔም እላለሁ።

ዛሬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማዞር የለም።

ማርች 19

የእመት ሐድሪያ ሰገባ ተሰነጠቀ። ከታች ሆኜ አየሁት።

አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ትጠብቃለች። ከዚያ አበባዋ ይዘጋል፣ ለከርሞ ነው። ለእሷ ደግሞ ከርሞ የለም።

ዛሬ ነፋስ አለ። ሳልሃ ያሰጣችው ልብስ አይንቀሳቀስም፤ ላይ ግን ሌላ ነው። በነፋስ አይጋባም። ለሦስተኛ ዓመት ዱቄቴን ነፋስ አላስበላም።

ማዞር የለም።

ማርች 20

ነፋስ።

ማርች 21

ነፋሱ ቆመ። ገመዱ ግን አስተማማኝ አይደለም። ለሳልሃ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትመለስ አንድ ጥቅል ገመድ ምንጣፉ ላይ ጣለች። «ገመዱ ይኸው» አለች። አዲስ ነው፣ ወፍራም። አዲስ ገመድ ይንሸራተታል፣ መታሸት አለበት አልኳት።

«እሸው» አለች።

ሳሸው አመሸሁ።

ማርች 23

ወጣሁ። እስከ ግማሽ። ማጭዱን የረሳሁ መሰለኝና ወረድኩ። ማጭዱ ወገቤ ላይ ነበር፤ ያወቅሁት መሬት ስደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ፀሐዩ በርትቶ ነበር።

ግንዷን አቅፌ ትንሽ ቆየሁ። ከወረድኩ በኋላ ማለቴ ነው። ሰው አልነበረም።

ማዞር የለም።

ማርች 24፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሳልሃ ተኝታለች፣ ወይም ተኝታ መስላለች።

ይህን ለሐኪሟ አላሳያትም፤ ገጹን እገነጥለዋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዚሁ ሰሞን እመት ሐድሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። በተቆረጠ ዘንባባ ጉጥ ላይ እየረገጥክ ነው የሚወጣው፣ እንደ ደረጃ። አንገቷ ጋ ስደርስ የረገጥኩት ጉጥ ከስሩ በስብሶ ኖሮ ተነቀለ። ወገቤ ላይ የነበረው ገመድ ያዘኝ። አልወደቅሁም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ፦ አልወደቅሁም፣ ምንም አልሆንኩም፣ ክርኔ ብቻ ተላጠ። ግን ከዚያ ወዲያ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ወደ ላይም ወደ ታችም። ግንዷ ላይ ግንባሬን ደግፌ ቀረሁ። ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲል እዚያው ነበርኩ። ልጮህ እችል ነበር። ሐጂ ሸድሊ የትና የት ሆነው ያስላሉ፣ ይሰማኛል። አልጮህኩም። የአባቴ ልጅ ዛፍ ላይ ሆኖ አውርዱኝ ሲል ቢሰማ ምን ሊባል ነው።

ላዝሃር ማጭድ ሊዋሰኝ መጣ። ቀና ብሎ አየኝ። ጫማውን አወለቀና ከስሬ ወጣ። ቁርጭምጭሚቴን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ወሬ ጀመረ። የአማቹ ሠርግ ላይ የቀረበ በግ፣ ጨው በዝቶበት ሰው ሁሉ ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ ያደረበት። «ቀኝህን ዝቅ አድርግ። አዎ። እና ያ በግ፣ እኔ እንዲያውም የጠረጠርኩት ሾርባው ላይ ነው። አሁን ግራህን። ሙሽራው ራሱ ሦስቴ ተነሣ፣ ሰው ሌላ ነገር መሰለው። ቀኝህን።» እንዲህ እያለ ጉጥ በጉጥ መሬት አደረሰኝ።

መሬት ስንደርስ ገመዱን አንሥቶ አገላብጦ አየ። ገመዱ ምንም አልነበረበትም። «ገመዱ ነው» አለ። ማጭዱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፣ ስለዚያ ማለቴ ነው።

ያን ዓመት ዱቄቱን ነፋስ ወሰደው። አምናም።

ፈሪ ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ዛፏ ምን አደረገችኝ? በአባቴም በእኔም ትከሻ ያደገች ናት፣ አንድ ጉጥ ነው የበሰበሰባት፤ ለዚያ አሳልፌ ልሰጣት ነው። ዋስ ሆኜ።

ማርች 25

ሱቅ ስኳር ልገዛ ገብቼ ሁለት ሰዎች ከበሩ ውጭ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ «የዋሷን ነገር ሰማህ?» አለ። ሌላው «ዋስ ቢሆንም መሬት ላይ ነው የሚዋሰው» አለና ሳቁ። ስኳሩን ትቼ ወጣሁ። ሳልሃ ስኳሩስ ስትል የለም አልኳት።

ሐጂ ሸድሊ ልጃቸው በስልክ ያሳያቸውን መኪና ለሰው ሁሉ ያሳያሉ አሉ። ቅርጫት አለው፣ ሰውን አንጠልጥሎ ያወጣል። ከከተማ ይከራያል። ያንን ካመጡ ዛፍ ወጪ አያስፈልጋቸውም።

ማዞር የለም።

ማርች 26

የዛሬውን እንዳለ ልጻፈው።

ከአሱር ሶላት በኋላ ሳልሃ «ማጭድህን አትክልቱ ውስጥ ረስተኸዋል፣ ሂድና አምጣው» አለችኝ። አልረሳሁም አልኳት። «ረስተሃል» አለች። ሄድኩ። አህያዬን በአትክልቱ በር ላይ አሰርኳትና ገባሁ፤ ከግንቡ ሥር፣ የውሃው መሄጃ አጠገብ ማጭዴን ስፈልግ ሐጂ ሸድሊና ላዝሃር በግንቡ ማዶ፣ መንገዱ ላይ መጥተው ቆሙ። ጭቃ ግንብ ነው፣ ቁመቱ ከሰው ትንሽ ይበልጣል። ልወጣ ስል ስሜን ሰማሁ።

«ቲጃኒ በቃው» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ሌላ ጊዜ እንዲህ አይጮኽም፤ ላዝሃር ጆሮው ከብዶ እንደሁ እንጃ። «ሁለት ዓመት እናቴን ሳይወጣት ወጥቻለሁ ብሎኛል። ነፋስ ይለኛል። እኔ ሰባ ዓመት እዚህ ኖሬ አንዷን ዛፍ መርጦ የሚነፍስ ነፋስ አላየሁም።»

ሐጂ ቀጠሉ።

«ከእንግዲህ አይጠቅመኝም። መኪናውን አስመጣለሁ። እሱ ቤቱ ይቀመጥ፣ ባቄላ ይልቀም።»

ከዚያ በምርኩዛቸው ግንቡን መቱት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከእኔ ራስ ትይዩ ነበር፣ ጭቃው አንገቴ ውስጥ ገባ። ግንቡን ለምን እንደመቱት አላውቅም። ተናደው ይሆናል።

«ይተዉት ሐጂ» አለ ላዝሃር። «በእኔ ዋስትና። ዘንድሮ ይወጣል።»

«ባይወጣስ?»

«ዋሱን ይጠይቁ።»

«እጠይቃለሁ» አሉ ሐጂ።

ሄዱ። በግንቡ ስንጥቅ አየኋቸው፤ ላዝሃር እያነከሰ፣ ሐጂ ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። አንዳቸውም ዘወር አላሉም።

ውሃው ዳር ተቀመጥኩ። እንዴት እንዳፈርኩ ልጽፈው አልችልም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተናደድኩም፤ ማን ዋስ ሁነኝ አለው? እኔ ዛፍ ነኝ?

ማጭዱን አላገኘሁትም። ቤት ስገባ በሩ ጀርባ፣ ሁሌም የሚሰቀልበት ላይ ተሰቅሏል። ሳልሃ «አ፣ እዚህ ነው እንዴ» አለች።

ራት ላይ ቁርጥራጭ ሥጋ እኔ ጋ አበዛች።

ማርች 27

ማዞር ነበረ። ወጣሁ።

ማርች 28

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ጎህ ሲቀድ ሄድኩ፣ ሰው ሳይነቃ። የወንዱን ዝንጣፊ ጀርባዬ ላይ አሰርኩ። «እመት ሐድሪያ፣ ደህና አደርሽ» አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላልኳትም።

ግማሽ ላይ ስደርስ መጣ። ሐኪሟ ትስማ፦ ዛፏ አይደለችም የምትዞረው፣ አትክልቱም አይደለም። ሆድህ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ጎን ይሄዳል፣ እግርህ የሌላ ሰው ይሆናል። ግንባሬን ግንዷ ላይ ደገፍኩ። እዚያው ቀረሁ። እንደ ያን ጊዜው።

ከዚያ ከታች ሳል ሰማሁ። ላዝሃር ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም። ውሃው ዳር ተቀመጠ፣ ጉልበቱን ዘረጋ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ያ በግ» አለ። «የአማቼ ሠርግ ላይ የቀረበው። እስካሁን ሳስበው ጨው ብቻ አይመስለኝም።»

ግንዷን እንዳቀፍኩ ነኝ።

«ሾርባው ላይ ነው እኔ የጠረጠርኩት። ሾርባውን የሠራችው የሙሽራው አክስት ናት፤ ከሙሽሪት እናት ጋር ተኳርፈዋል። ሙሽራው ሦስቴ ሲነሣ…»

ቀኝ እግሬን አነሣሁ። ከዚያ ግራውን። ላዝሃር ስለ አክስቲቱ፣ ስለ ክራሩ፣ ስለ ተሰበረው ወንበር፣ አጎቱ ስለተቀመጠበት ድስት አወራ። ያን ሠርግ እኔም ነበርኩበት፤ ግማሹ ውሸት ነው። አንገቷ ጋ ደረስኩ። የበሰበሰው ጉጥ ቦታ ጠባሳ ሆኖ አለ። አለፍኩት።

አናቷ ላይ ያየሁትን ልጻፍ። የሁለት ዓመት አበባ፣ ማንም ሳያገባው ደርቆ ተንጠልጥሏል። የሁለት ዓመት ደረቅ ዘንባባ ዙሪያዋን እንደ ሽማግሌ ጢም ወርዷል፣ ማንም አልቆረጠላትም። ለካ ከታች ይታያል። ከመስጊዱ በር፣ ከሱቁ፣ ከሐጂ መስኮት ይታያል። እኔ ነፋስ ነው እያልኩ ሳወራ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጢሟን ያይ ነበር። ማንም አንድ ቃል አልነገረኝም። ሐጂም፣ ሳልሃም።

አለቀስኩ። ላይ ስለሆንኩ ማንም አላየኝም። «ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ድምፅ አውጥቼ። አንዱ አበባ ሊዘጋ ተቃርቧል፣ ሌሎቹ ይጠብቁኛል። አንድ በአንድ አጋባኋቸው። «ተከባበሩ» አልኩ። ከዚያ ማጭዴን አወጣሁና ጢሟን መቁረጥ ጀመርኩ። ደረቁ ዘንባባ ሲወድቅ ላዝሃር ወሬውን አቋርጦ «ኧረ በአላህ፣ ሰው አለ እዚህ!» አለ።

«ዞር በል» አልኩት።

ዞር አለ። ስወርድ ሄዷል።

ኤፕሪል 12

ደብተሩን ለሐኪሟ ወሰድኩላት። የሌሊቱን ገጽ ልገነጥለው ነበር፣ ረሳሁት። የእጅ ጽሑፌ እንደማይነበብላት ነገረችኝ፤ ያሰመርኩባቸውን የማዞር መስመሮች ብቻ አየች።

«የለም፣ የለም፣ የለም» አለች እየገለጠች። «እዚህ ብቻ ነበረ ይላል። ያን ቀን ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ሥራዬን።»

«የለም ባሉባቸው ቀኖችስ?»

«አልሠራሁም ነበር» አልኩ።

ትንሽ አየችኝ። መድኃኒት አልጻፈችልኝም። መውጣቱን ይቀጥሉ አላለችም፣ ይተዉም አላለችም። ገመዱን በደንብ ያጥብቁ ብቻ አለችኝ።

ኤፕሪል 29

ሐጂ ሸድሊ የልጃቸውን መነጽር፣ ሩቅ የሚያሳየውን፣ ይዘው መጡ። እመት ሐድሪያ ሥር ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ። ሽንብራ የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ ዘለላው ሁሉ ላይ ሞልቷል። እኔ መነጽር አላስፈለገኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወጥቻታለሁ። ማዞሩ ሁለቴም መጥቷል። ሁለቴም ስለ በግ አስቤ አልፌዋለሁ።

መነጽሩን አወረዱና ዓይናቸውን ጠረጉ። ፀሐይ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ላዝሃር ዞረው «በል፣ ከዋስትናህ ወርደሃል» አሉት።

ላዝሃር መሬት መሬት አየ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቲጃኒን ማለቴ ነው» አሉ።

«አዎ ሐጂ፣ ዋሷ እኔ ነኝ» አልኩ። ሽማግሌ ስም ቢያምታታ አይፈረድበትም። ያን ቀን በግንቡ ማዶ ቆሜ እንደነበር አያውቁም። አህያዬ በሩ ላይ ታስራ ነበር፤ እንዴት እንዳላዩዋት ይገርመኛል። ለሳልሃ ይህንኑ ብነግራት «ሁለቱም ዓይናቸው ደክሟል» አለች። ፊቷ አንድ ነው።

ለላዝሃር ምንም አላልኩትም። ምን ይባላል? ለዋሷ አመሰግናለሁ ያለች ዛፍ አላየሁም። ማሰሮውን ሚስቱ ለዶሮዎቹ ውሃ ማጠጫ አድርጋዋለች።

ሜይ 4

የላዝሃርን ዛፎች ልናይ ማዶ ተሻገርን። ዘለላዎቹ ሳይከብዱ መታሰር አለባቸው። አጫጭሮቹን እሱ ሠራ። ረጅሟ ሥር ስንደርስ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። እጁን አንድ ጉጥ ላይ አደረገ፣ አንሥቶ ሌላው ላይ አደረገ። ጉልበቱ ሐብሐብ አክሏል፣ በሱሪው ላይ እንኳ ይታያል። አናቷ ላይ የአምና ደረቅ ዘንባባ እንዳለ ነው።

«ቲጃኒ፣ እኔ እኮ…» አለ።

ገመዱን ከትከሻው ላይ ወሰድኩ። አገላብጬ አየሁት።

«ገመዱ ነው» አልኩትና ወጣሁ።